ጥይት ሳይተኮስ የሚያልቅ ጦር

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች። አባቴ የድሮ ወታደር ነው። ሰሞኑን በርጫ ላይ «ድሮ ጦር የሚያልቀው ከጥይት ይልቅ በበሽታ ነው» ብሎ ተከራከረን። እውነት ነው? ክትባትስ ጦርነት ላይ ለውጥ ያመጣበት ጊዜ አለ? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አባትህ ልክ ነው። አንድ ድንኳን ውስጥ ተጨናንቆ የሚያድር ሰው ወረርሽኝ ከገባበት ማምለጫ የለውም።

ከእንግሊዝ ነፃ ለመውጣት ይዋጉ የነበሩትን አሜሪካኖች እንይ። እ.ኤ.አ. በ1776 በእንግሊዝ እጅ የነበረችውን የካናዳ ከተማ ኩቤክን ከበው ሳሉ ፈንጣጣ ገባባቸውና ጦሩን አሽመደመደው፤ አዛዡ ጄኔራል ጆን ቶማስ ራሱ በዚሁ ሞተ። እንግሊዞቹን ግን እምብዛም አልነካቸውም፣ ምክንያቱም አብዛኞቹ በልጅነታቸው ታመው ድነዋል። የአሜሪካ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ጆርጅ ዋሽንግተንም በ19 ዓመቱ ባርቤዶስ ላይ ይዞት ስለነበር በሽታውን ያውቀዋል። በ1777 መጀመሪያ ሞሪስታውን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ሰፍሮ ሳለ ጦሩ በሙሉ እንዲከተብ አዘዘ።

የዛሬውን ክትባት እንዳታስብ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄነር ያመጣው የፈንጣጣ ክትባት የመጣው በ1796 ነው። ያኔ ከታማሚው ቁስል መግል ይወሰድና የጤነኛው ክንድ ጫር ተደርጎ እዚያ ይገባል። እኛም አገር ድሮ እንዲሁ ይደረግ ነበር። ፈንጣጣ በራሱ መንገድ ከያዘ ከ100 ሰው እስከ 30 ይገድል ነበር፤ በዚህ መንገድ ግን የሚሞተው ሁለት ገደማ ነበር። ችግሩ የተከተበው ሰው ለሳምንታት ይተኛል፣ እስኪድን ድረስም ለሌላው ያስተላልፋል። እስቲ አስበው፣ ጠላት አፍንጫህ ስር ሆኖ የራስህን ወታደር አውቀህ ታሳምማለህ! እንግሊዞቹ ቢሰሙ አለቀለት። ስለዚህ ዋሽንግተን የብርዱን ወራት ተገን አድርጎ፣ በየተራ፣ በድብቅ አስከተባቸው፤ አዲስ ምልምልም ከጦሩ ሳይቀላቀል በፊት ይከተባል። ለእኔ ከብዙዎቹ ውጊያዎቹ ይልቅ ይሄ ውሳኔ ይበልጣል።

በ1870 ደግሞ ፈረንሳይና ፕሩሲያ ሲዋጉ፣ በደንብ የተከተበው የፕሩሲያ ጦር በፈንጣጣ ያጣው በመቶዎች የሚቆጠር ሲሆን ፈረንሳዮቹ ግን ከ20,000 በላይ ወታደር ቀበሩ።

ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ፣ በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው ነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው፣ በደቡብ ምሥራቁ በረሃ ዲሞ በምትባል መንደር። ዓመት ገደማ ቆይቶ የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ ድረስ መጣ። ሶማሊያ ውስጥ ደግሞ የመጨረሻው ታማሚ የተገኘው ጦርነቱ እየተካሄደ፣ ጥቅምት 1970 ላይ ነው። ከታቢዎቹ በዚያ በረሃ በእግራቸው መንደር ለመንደር ባይዞሩ ኖሮ፣ ያ ሁሉ ወታደርና ተፈናቃይ በሚተራመስበት ሰዓት ፈንጣጣ ምን ያህል ሰው ይጨርስ ነበር? አባትህን ጠይቀው፣ ያኔ ዘምቶ ከነበረ ክትባቱን የት እንደወሰደ ሳያስታውስ አይቀርም። ከነገረህ ጻፍልን።