የጀልባ ሞተር ከፍታና ውሃ የሚያስገቡ ብሎኖች

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። ከወንድሜ ጋር ሐይቅ ላይ ጎብኚዎችን የምናንሸራሽርበት አምስት ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው የፋይበር ጀልባ አለን። ያገለገለ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር ገዝተን በአራት ብሎን ካሰርንበት ጊዜ ጀምሮ ጀልባው ሲፈጥን ከሞተሩ እግር ላይ የሚረጨው ውሃ ከኋላ የሚቀመጡትን ሰዎች ያበሰብሳል፤ መሪውም ከብዷል። ስንለካው ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባው ሆድ 6 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። በታችኞቹ ሁለት ብሎኖች በኩልም ውሃ ይሰርጋል። ከውስጥ ሲልኮን ብንቀባውም ሁለት ሳምንት አልቆየም። ምን ብናደርግ ይሻላል? (ከደሴ)

መልስ፦ ልኬቱን ጨምረው በመጻፍዎ እናመሰግናለን፤ ያለ ልኬት ስለ ሞተር ከፍታ የሚሰጥ ምክር ግምት ብቻ ነውና። የጠቀሱት ጠፍጣፋ ብረት ፕሮፔለሩ ከውሃው ወለል አየር ስቦ እንዳያወርድ የሚከላከል ሲሆን፣ በተለመደው ዓይነት ጀልባ ላይ ከሆዱ ጋር እኩል ወይም ከዚያ እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ ደግ ነው። ስድስት ሴንቲ ሜትር በጣም በዝቷል። ውሃ ውስጥ መግባት ያልነበረበት የሞተሩ እግር ክፍል ውሃውን እየገጨ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ርጭቱም፣ የመሪው ክብደትም፣ ከሚገባው በላይ የሚነደው ቤንዚንም ከዚሁ የሚመጡ ናቸው። ሆኖም ቁልፍ ከማንሳትዎ በፊት ጀልባውን ከውሃ አውጥተው፣ ጠፍጣፋው ብረት ከጀልባው ሆድ ጋር ትይዩ እስኪሆን ሞተሩን አስተካክለው፣ ቀጥ ያለ የአልሙኒየም ዘንግ ከሆዱ ሥር ወደ ኋላ አስረዝመው እንደገና ይለኩ። ሞተሩ ዘንበል ብሎ የተወሰደ ልኬት ያሳስታል።

አሁን የሞተሩን መያዣ ይመልከቱ። በግራና በቀኝ ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ ቀዳዳዎች ያያሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ 19 ሚሊ ሜትር ነው። የታችኞቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ረዘም ያሉ ስንጥቆች ናቸው። ይህ የተደረገው ሞተሩ ከፍ ዝቅ ሲል በጀልባው የኋላ ግድግዳ ላይ አዲስ ቀዳዳ መብሳት እንዳያስፈልግ ነው። የጀልባው ቀዳዳ ባለበት ይቆያል፣ የሚንቀሳቀሰው መያዣው ነው። ሁለት ቀዳዳ ከፍ ካደረጉት 38 ሚሊ ሜትር ስለሚነሳ ጠፍጣፋው ብረት ከሆዱ 2.2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ይቀራል። ሦስተኛው ቀዳዳ ከሆዱ ጋር እኩል ሊያደርገው ይቃረባል፤ ነገር ግን ሰው የሚጭን ጀልባ ስለሆነና ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ስለሚናወጥ እኔ በሁለተኛው እቆማለሁ። ከልክ በላይ የተነሳ ሞተር መታጠፊያ ላይ አየር ይይዛል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው ግን አይሄድም። ከዚህም የከፋው፣ የማቀዝቀዣ ውሃ የሚገባባቸው ወንፊቶች ከጠፍጣፋው ብረት በታች ስለሆኑ በውሃ ፈንታ አየር ከሳቡ ሞተሩ ሊነድ ይችላል። የዚህ ዓይነት ሞተር ከ70 እስከ 100 ኪሎ ስለሚመዝን በሰው ክንድ ደግፎ ብሎን መፍታት አይገባም፤ በሰንሰለት ማንሻ ይንጠልጠል።

ከፍታው በሙከራ እስኪረጋገጥ ድረስ ምንም ማሸጊያ አይቀቡ። ብሎኖቹን በደረቁ አጥብቀው፣ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሳችሁ፣ የተለመደውን ያህል ሰው ጭናችሁ ከዳር ሳትርቁ ሞክሩት። አንድ ሰው ሞተሩ ከጎኑ የሚተፋውን ቀጭን የውሃ ጅረት ብቻ ይከታተል። በሙሉ ፍጥነትም፣ በመታጠፊያም ጅረቱ ሳይቆራረጥ ከወረደ ከፍታው ተስማምቷል። ከተቆራረጠ ወዲያውኑ ፍጥነት ቀንሳችሁ ተመለሱና አንድ ቀዳዳ ዝቅ አድርጉት። ርጭቱ ጠፍቶ ሞተሩ ግን አሁንም ደከም ያለ ከመሰላችሁ ሌላ ከፍታ አትፈልጉ፤ ሐይቁ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፣ ማንኛውም ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠረፍ ካለው ጉልበት አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። የዚህ መፍትሔው የሞተሩ ቦታ ሳይሆን የክንፎቹ ዝንባሌ አነስ ያለ ፕሮፔለር ነው።

ወደ ብሎኖቹ ልመለስ፤ ከርጭቱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው። ውሃ የሚመጣው ከውጭ ሆኖ ሳለ ከውስጥ ሲልኮን ሲቀባ ውሃው አይቆምም፤ መውጫው ተዘግቶበት በፋይበሩ መካከል ባለው ኮምፔንሳቶ ውስጥ ይቀመጣል። እንጨቱ እንደበሰበሰ ለማወቅ በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ያንኳኩት፤ ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ አለው። የተጠራጠሩት ቦታ ካለ ከውስጥ በኩል በቀጭን ፑንታ ጥቂት ብቻ በስተው ዱቄቱን በነጭ ወረቀት ላይ ይቀበሉት። ደረቅና ፈዛዛ ከሆነ ደኅና ነው፤ ጠቆር ብሎ በጣት ሲጫኑት ውሃ ካወጣ ግን ግድግዳው ሳይጠገን ያንን ሞተር እንዳይሰቅሉበት አጥብቄ እለምናለሁ።

እንጨቱ ጤነኛ ከሆነ ቀዳዳዎቹን ለብዙ ቀናት አድርቀው ወደ 20 ሚሊ ሜትር ያስፏቸው፤ ከጀርባ በፕላስተር ዘግተው በወፈረ ኢፖክሲ ይሙሏቸው፤ በደንብ ሲደርቅ በብሎኑ ልክ እንደገና ይብሱት። ብሎኑ ከእንግዲህ የሚያልፈው በኢፖክሲ ውስጥ ስለሆነ ማሸጊያው አንድ ቀን ቢከዳ እንኳ እንጨቱ ውሃ አይነካውም። የቀዳዳውን የውጭ አፍ ሰፋ ባለ ፑንታ በትንሹ ይቦርቡሩት፤ ማሸጊያው እዚያ ተጠራቅሞ እንደ ጎማ ቀለበት ይይዛል። ማሸጊያው ለጀልባ የተሠራ፣ ከውሃ በታች የሚያገለግል ፖሊዩሬቴን ይሁን። የመስኮት ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲልኮን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ያለፈበትም ቦታ ሌላ ማሸጊያ ስለማይቀበል ተፍቆ በሚገባ መጥራት አለበት።

ማሸጊያውን በቀዳዳው አፍ ዙሪያ፣ በብሎኑ አንገትና ከራሱ ሥር ይቀቡ። ከዚያ አንድ ሰው ከውጭ የብሎኑን ራስ በቁልፍ ይዞ ፈጽሞ እንዳይዞር ያድርግ፤ ሌላው ከውስጥ ዳዶውን ብቻ ያጥብቅ። ራሱ ከዞረ የተቀባው ሁሉ ይቀደዳል፤ ብዙ ጥሩ ማሸጊያ የሚበላሸው በዚህች ቅጽበት ነው። ዙሪያውን ሳይቋረጥ የወጣ ቀለበት ካዩ ተሳክቷል። ከውስጥ ሰፊ ሮንዴላ ወይም የአልሙኒየም ሳህን ያስገቡ እንጂ ማሸጊያ አይቀቡ፤ ወደፊት ቢሰርግ ቶሎ እንዲታይ ነው። ፖሊዩሬቴን በአየር እርጥበት የሚደርቅ ስለሆነ በብርድና በደረቅ የበጋ ወራት ይዘገያል፤ አንድ ሳምንት ይታገሡት።

ጥያቄ፦ በሁለት ጠምዛዛ መያዣ ብቻ የሚታሰር ባለ 8 የፈረስ ጉልበት ሞተር አለኝ። ዘወትር ይላላል። በብሎን ልሰረው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አዎ፤ መያዣው ላይ ለዚሁ የተዘጋጁ ቀዳዳዎች ካሉ በማይዝግ ብረት ብሎንና ላስቲክ ባለው ዳዶ ይሰሩት፤ አስተሻሸጉም ከላይ እንደተጻፈው ነው። እስከዚያው ሞተሩን በጠንካራ ገመድ ከጀልባው ጋር ይሰሩት፤ ጠምዛዛዎቹንም ከመነሳትዎ በፊት ሁልጊዜ በእጅዎ ይፈትሹ።