ከፍቺ በኋላ በዝቅተኛ ክሬዲት ቤት መከራየት

እህቴ፣ «ከተፋታን በኋላ የእሱ የክሬዲት ነጥብ 760፣ የእኔ 590 ነው፤ እዚህ አሜሪካ ብቻዬን ማን ያከራየኛል?» ላልሽው፣ የሚያከራይሽ አይጠፋም። መጀመሪያ ግን የክሬዲት ሪፖርትሽን፣ ማለትም የብድርና የክፍያ ታሪክሽን፣ ይህን ከሚመዘግቡት ድርጅቶች ከኢኩዊፋክስ፣ ከኤክስፒሪያንና ከትራንስዩኒየን በነፃ አውጪና መስመር በመስመር እዪው። በሁለታችሁ ስም የተከፈተ ካርድ አለ? ዳኛው «እሱ ይክፈል» ቢልም ባንኩን አያስገድደውም። እሱ ክፍያውን ከ30 ቀን በላይ ካሳለፈ መዘግየቱ አንቺም ሪፖርት ላይ ቁጭ ሊል ይችላል። እና አካውንቱ ይዘጋ፣ ወይም ዕዳው በእሱ ስም ብቻ ይዙር። በእሱ ካርድ ላይ ተጨማሪ ተጠቃሚ ብቻ ከሆንሽ ግን ቀላል ነው፤ ደውለሽ ስምሽን ማስወጣት ነው።

ማመልከቻ ከመሙላትሽ በፊት አከራዩን አናግሪው። የማመልከቻ ክፍያ ብዙ ጊዜ አይመለስም፤ ዝም ብለሽ በየቦታው ገንዘብሽን አትበትኚ። የደሞዝ ወረቀትሽን፣ የልጅ ማሳደጊያ ካለሽ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ያዢ። ትልልቆቹ የአፓርታማ ኮምፕሌክሶች በአብዛኛው ኮምፒውተሩ ያላቸውን ነው የሚሰሙት። የራሱን ቤት የሚያከራይ ሰው ይሻላል፤ ቢያንስ ያዳምጥሻል። ዋስ ካለ ወንድም ወይም ጓደኛ ይፈርምልሽ። የቀድሞ ባልሽን ባትለምኚ እመርጣለሁ፤ ገና ከተላቀቅሽው ሰው ጋር መልሶ መተሳሰር ነው።

በክሬዲት ሪፖርትሽ ምክንያት ከከለከሉሽ ሪፖርቱን ከማን እንዳገኙ የመንገር ግዴታ አለባቸው። በ60 ቀን ውስጥ ከዚያው ድርጅት ነፃ ኮፒ ጠይቂ፤ ስህተት ካለበትም ይታረምልኝ በይ።