እንግዳ ቤተ ክርስቲያን አንዴ መጥቶ የማይመለሰው ለምንድን ነው?

«በር ላይ በፈገግታ እንቀበላለን፣ እንግዶች ግን ሁለተኛ አይመጡም» ላልከው፦ ክፍተቱ መግቢያው ላይ ሳይሆን አምልኮው ካበቃ በኋላ ባሉት 10 ደቂቃዎች ነው። ነባሮቹ እርስ በርስ ሲጨዋወቱ እንግዳው ብቻውን ቆሞ ይቆይና ሹልክ ብሎ ይሄዳል።

1. ሁለት ሰው መድቡ። ሥራቸው ብቻውን የቆመን ሰው ማነጋገር ብቻ ይሁን፤ ገንዘብ ቆጠራም ሆነ ወንበር ማንሳት አትደርቡባቸው።

2. ስሙን ይመዝግቡ፤ በሚቀጥለው ሳምንት በስሙ ይጥሩት። ከሁሉም በላይ ሰው የሚይዘው ይህ ነው።

3. በአንድ ወር ውስጥ ከ8 እስከ 12 ሰው ወዳለበት የቤት ኅብረት (በአባላት ቤት የሚሰበሰብ አነስተኛ ቡድን) ይጋብዙት።

አደራ፣ እንግዳን በጉባኤ ፊት አስቁማችሁ አታስተዋውቁ። ለክብሩ ብታስቡም ዓይነ አፋሩን ያሸማቅቀዋል፤ በዚሁ የሚቀሩም አሉ። ልብሱን አይታችሁም ወንበር አትምረጡለት፤ ያዕቆብ 2፥2-4 ይህንኑ ይወቅሳል።