ሰንጠረዡን ትተሽ ኢንሱሊንን ተከተዪ

ሰላም እህቴ። «የኦርጋኔሎቹን ስምና ሥራ በሰንጠረዥ ሸምድጄ እገባለሁ፤ ፈተናው ላይ ግን ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለምና ጎልጂ ይምታቱብኛል። እናንተ እንዴት ነው ያጠናችሁት?» ላልሽው ነው የምመልሰው። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ክረምት ላይ ደግሞ ፍሬሽማን የሚገቡ ልጆችን አስጠናለሁ። ይሄ ጥያቄ ሳይነሳ የቀረበት ዓመት የለም።

እኔን ከጠየቅሽኝ ችግሩ ሰንጠረዡ ነው። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ኦርጋኔል፣ ማለትም የየራሱ ሥራ ያለው የህዋስ ክፍል፣ ለብቻው ተቀምጧል። ህዋሱ ውስጥ ግን አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀበለዋል። ስለዚህ አንድ ፕሮቲን እመርጥና ከሚሠራበት እስከሚወጣበት ድረስ ልጆቹን አስከትላቸዋለሁ። የምመርጠው ኢንሱሊንን ነው። ስኳር ያለበት ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ተማሪ ብዙም አይገጥመኝም፤ ስሙን ሲሰሙ ጆሯቸው ይቆማል።

ኢንሱሊን የሚሠራው ቆሽት ውስጥ ባሉት ቤታ ህዋሶች ነው። እንዴት እንደሚሠራ የሚናገረው መረጃ ያለው ኒውክለስ ውስጥ፣ 11ኛው ክሮሞዞም ዲኤንኤ ላይ ነው። ዲኤንኤው ከኒውክለስ አይወጣም። የሚወጣው ግልባጩ ኤምአርኤንኤ ነው፤ በኒውክለሱ ሽፋን ቀዳዳዎች በኩል። ከኒውክለሱ ውጭ፣ ሳይቶፕላዝም ውስጥ፣ ፕሮቲን የሚሠራው ራይቦዞም ይይዘውና ማንበብ ይጀምራል። ፕሮቲን የሚገነባው ከአሚኖ አሲዶች ነው፤ መጀመሪያ የሚያያዙት 24ቱ ፕሮቲኑ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገሩ ናቸው። በእነሱ ምክንያት ራይቦዞሙ ሥራውን ሳይጨርስ ሄዶ የሽፋን መረብ በሆነው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ላይ ይለጠፋል። (ከዚህ በኋላ ኢአር እላለሁ፤ ጣቴ አለቀ።) ሸካራው ኢአር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኖ የሚታየው በእነዚሁ ራይቦዞሞች ነው።

ኢአር ውስጥ ሲገባ እነዚያ 24ቱ ይቆረጣሉ። የቀረው 86 አሚኖ አሲድ ያለው ሰንሰለት ይታጠፍና በሦስት የሰልፈር ማሰሪያዎች ይያያዛል። በትክክል ያልታጠፈው አያልፍም፤ ወደ ሳይቶፕላዝም ተመልሶ ይፈርሳል። ያለፈው በትንሽ ከረጢት፣ በቬሲክል፣ ተጭኖ ወደ ጎልጂ ይሄዳል።

እዚህ ጋ ቆም በዪ። ጎልጂ ላይ የተለጠፈ ራይቦዞም የለም፤ ስለዚህ አዲስ ፕሮቲን አይሠራበትም። የመጣለትን ያስተካክላል፣ ይለያል፣ በየመድረሻው ያሽጋል። በአንዱ ፊቱ ከኢአር ይቀበላል፤ በሌላው ፊቱ ወደ ህዋሱ ሽፋን ይልካል። ማን ቀድሞ ማን እንደሚከተል ካወቅሽ ሁለቱ አይምታቱብሽም።

ከጎልጂ በወጣው ቬሲክል ውስጥ የሰንሰለቱ መሃል ተቆርጦ ይወጣና 51 አሚኖ አሲድ ያለው ኢንሱሊን ይቀራል። የተቆረጠው ቁራጭ ሲ-ፔፕታይድ ይባላል፤ ከኢንሱሊኑ ጋር አብሮ ወደ ደም ይወጣል። ሐኪሞች እሱን የሚለኩት ለዚህ ነው። በመርፌ የሚሰጠው ኢንሱሊን ሲ-ፔፕታይድ ስለሌለው፣ ሲ-ፔፕታይዱ ደም ውስጥ ከተገኘ የታካሚው ቆሽት ራሱ እየሠራ ነው ማለት ነው።

«ማይቶኮንድሪያስ?» ትዪኛለሽ። «የህዋሱ ኃይል ማመንጫ» የምትለዋን ሁሉም ይጽፋታል፤ ከዚያ አያልፍም። ቤታ ህዋስ ውስጥ የሚሆነውን እዪው። ከምግብ በኋላ ግሉኮስ ይገባል፣ ማይቶኮንድሪያው ኤቲፒ፣ ማለትም ህዋሱ ለሥራው የሚጠቀምበትን ኃይል የያዘ ሞለኪውል፣ ያመርታል። ኤቲፒው ሲበዛ የፖታሲየም መተላለፊያዎች ይዘጋሉ፣ ካልሲየም ይገባል፣ ቬሲክሎቹም ከህዋሱ ሽፋን ጋር ተዋህደው ኢንሱሊኑን ያፈሱታል። ኤቲፒው ኃይል ብቻ አይደለም፤ ስኳር መግባቱን ለህዋሱ የሚያሳውቀውም እሱ ነው። ይሄን የጻፈ ተማሪ ወረቀት ሳርም ደስ ይለኛል።

ኢንሱሊን የማያልፍባቸውን ደግሞ «የትኛው ህዋስ ውስጥ ይበዛሉ?» ብለሽ ያዢያቸው። ለስላሳው ኢአር፣ ራይቦዞም ያልተለጠፈበት፣ ጉበት ውስጥ ይበዛል፤ መድኃኒትና መርዝ የሚመክነው እዚያ ነው። ስቴሮይድ ሆርሞን የሚሠሩ ህዋሶችም ሞልተውታል። የገባውን የሚፈጨው ላይሶዞም ባክቴሪያ በሚውጡት ነጭ የደም ህዋሶች ውስጥ ይበዛል። ቀይ የደም ህዋስ ደግሞ ከበሰለ በኋላ ኒውክለስም ማይቶኮንድሪያም የለውም። ኦክስጅን ተሸክሞ እየዞረ ራሱ አይጠቀምበትም!

ፈተና ላይ ብዙ ልጅ የሚጥሉ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ተክል ክሎሮፕላስት (በብርሃን ምግብ የሚሠራው አረንጓዴ ኦርጋኔል) ስላለው ማይቶኮንድሪያ አያስፈልገውም የሚል ምርጫ ካየሽ ውሸት ነው፤ ሁለቱም አሉት። ሁለተኛ፣ የእኛ ራይቦዞም 80ኤስ ነው፣ ክፍሎቹ ግን 60ኤስና 40ኤስ ናቸው። መቶ አይሆንም፤ ኤስ የሚለካው ክብደትን ሳይሆን በሴንትሪፊዩጅ ሲሽከረከር የሚዘቅጥበትን ፍጥነት ነው።

ላብ ካላችሁ የሽንኩርት ስስ ልጣጭ ላይ አዮዲን ጠብ አድርገሽ በ400 እጥፍ እዪው። ጡብ የመሰሉ ህዋሶች ይታዩሻል፤ ኒውክለሱ ወደ ጥግ ተገፍቷል፣ ምክንያቱም መሃሉን ትልቁ ፈሳሽ የሞላው ከረጢት፣ ቫኪዩል፣ ይዞታል። «አረንጓዴው የታለ?» የሚል ልጅ አይጠፋም። የምንበላው ክፍል አፈር ውስጥ፣ ብርሃን ሳያገኝ ስለሚያድግ ክሎሮፕላስት አያወጣም። ኢአርና ጎልጂን እዚያ ለማየት አትልፊ፤ በዚያ ማይክሮስኮፕ አይታዩም።

ዛሬ ማታ ባዶ ወረቀት ያዢና የኢንሱሊኑን መንገድ ደብተር ሳትገልጪ ሳዪው። የቆምሽበትን ቦታ እዚሁ ስር ጻፊልኝ፤ ከዚያ እንቀጥላለን።