«ፈቃዱ ነው» ብለን ዝም እንበል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ልጃችን 23 ዓመቷ ነበር። በኤጀንሲ ቤይሩት ሄዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ከመሞቷ ጥቂት ቀን በፊት በኢሞ ደውላ «ደመወዜን ይዘውብኛል፤ እንደሰጡኝ ለፋሲካ እመጣለሁ» ብላን ነበር። ከዚያ መርዶ ሰማን። አስከሬኗ በታሸገ ሳጥን ቦሌ ካርጎ ደረሰ። አብሮ የመጣው የዐረብኛ ወረቀት «ከፎቅ ወድቃ» ይላል። አሠሪዎቿ ደግሞ «ራሷ ናት የወደቀችው» አሉ። እኔና እናቷ ይህን ማመን አቃተን። እንጠይቅ ስንል ዘመድ ጎረቤቱ «እግዜር የወሰደውን ምን ትመረምራላችሁ፣ ከፈጣሪ ጋር አትሟገቱ» ይለናል። ያማከርነው ጠበቃ መቃብሩ ተከፍቶ ሊመረመር ይችላል አለን። እናቷ ግን «ልጄ ተቆራርጣ እንዴት ትነሣለች?» ብላ ፈራች። ወንድሜ መጀመሪያ ያግባባትን የሰፈር ደላላ ካልገደልኩ ይላል። ሙት ዓመቷም እየደረሰ ነው፤ ያለን ገንዘብ ለተዝካርም ለክርክርም አይበቃም። መጠየቃችን ኃጢአት ነው? ምን እናድርግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የልጃችሁን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ፍትሐቱንና ጸሎቱን እንዳላስታጎላችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እሱን ልዝለለውና ወደ ከበዳችሁ ነገር ልግባ።

«ፈቃዱ ነው» የሚለውን ቃል በየለቅሶ ቤቱ ሰምቼዋለሁ። ብዙ ሰው የሚለው በክፋት አይደለም፤ የሚለው ስለሚጠፋው ነው። ዕድሜ ጠግቦ፣ ቆርቦ፣ በልጆቹ መሀል ላረፈ ሽማግሌ ቢባል ያምራል። ደመወዟ ተይዞባት ከሰው ፎቅ ለወደቀች የ23 ዓመት ልጅ ሲባል ግን ሌላ ሥራ ይሠራል። ያጠፋ ሰው ካለ ይሸፍነዋል። እግዚአብሔር አንድን ነገር ዝም ብሎ አየ ማለት እሱ አደረገው ማለት አይደለም። የሰውን ወንጀል በፈጣሪ ስም መዝጋት ደግሞ ትሕትና አይባልም። ይህን ስሕተት ደጋግሜ ስላገኘሁት ትንሽ ልቆይበት።

መጽሐፍ ቅዱስን ግለጡ። በዓለም የመጀመሪያው ሬሳ የአቤል ነው። ከዚያ ሬሳ በኋላ የመጣው ምንድን ነው? ጥያቄ ነው። ጠያቂውም እግዚአብሔር ነው፤ «ወንድምህ አቤል ወዴት ነው?» ሁሉን የሚያውቀው አምላክ ሳያውቅ ቀርቶ አልጠየቀም። ደም ፈስሶ ዝም መባል እንደሌለበት ሊያሳየን ነው። የቃየንንም መልስ ተመልከቱ፤ «አላውቅም፤ የወንድሜ ጠባቂ እኔ ነኝን?» አለ። ይህ መልስ ዛሬም በየቋንቋው ይሰጣል፤ አንዳንዴ ማኅተም ሁሉ አለው። እግዚአብሔር ግን አልተቀበለውም። «የወንድምህ የደሙ ድምፅ ከምድር ወደ እኔ ይጮኻል» አለው (ዘፍ. 4፥9-10)። እንግዲህ «ልጄ እንዴት ሞተች?» የሚል ወላጅ ከፈጣሪ ጋር የሚሟገት ነው? ፈጣሪ ራሱ የጠየቀውን አይደል እንዴ የሚጠይቀው!

አጽናኞቻችሁን አትጥሏቸው። የኢዮብም ወዳጆች እንደዚሁ ናቸው። ሰባት ቀን ዝም ብለው መሬት ላይ አብረውት ሲቀመጡ ግሩም ነበሩ። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው «ለምን?» እያለ በጮኸው በኢዮብ ላይ አይደለም፤ ለፈጣሪ ጥብቅና የቆሙ በመሰላቸው በእነሱ ላይ ነው (ኢዮ. 42፥7)። ለቅሶ ለመድረስ የምንወጣ ሁሉ ይህችን ቁጥር አንብበን ብንወጣ ጥሩ ነበር።

ጥርጣሬያችሁም የሐዘን ቅዠት አይደለም። ሂውማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብዓዊ መብት ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ከጥር 2007 ጀምሮ በነበሩት 20 ገደማ ወራት ሊባኖስ ውስጥ ቢያንስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች መሞታቸውን ጽፏል። ከነዚህ 40ው ራሳቸውን እንዳጠፉ በኤምባሲዎች የተመዘገቡ ናቸው። ሌሎች 24ቱ ከፎቅ የወደቁ ናቸው፤ ብዙዎቹም ሊያመልጡ ሲሞክሩ። በከፋላ (በአሠሪ ዋስትና) አሠራር ሠራተኛዋ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረች ናት። ፓስፖርቷን ይይዙባታል፣ በር ይቆልፉባታል፣ ደመወዟን ያቆዩባታል። እንዲህ ባለ ቤት «ራሷ ናት» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። ተገፍታ ይሆን? እያመለጠች ይሆን? ወይስ አእምሮዋ እስኪናወጥ አስጨንቀዋት ይሆን? ሦስቱ አንድ አይደሉም።

አሁን ወደምትፈሩት ነገር ልምጣ። በደብዳቤያችሁ በግልጽ አልጻፋችሁትም እንጂ በመስመሮቹ መሀል ይታያል። «ራሷን አጥፍታ ቢሆንስ ነፍሷ ጠፋች?» የሚለው ነው። ቤተ ክርስቲያን አውቆ ራሱን በሚያጠፋ ላይ ጽኑ ቃል አላት፤ አልሸነግላችሁም። ግን ቤተ ክርስቲያን ሳትመረምር አትፈርድም። በ4ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት የነበረው ጢሞቴዎስ ይህንኑ ተጠይቆ ነበር። አእምሮውን ስቶ በራሱ ላይ እጁን ለጣለ ሰው ቍርባን ይቀርብለታል ወይ? አሉት። የመለሰው፣ ካህኑ አጥብቆ ይመርምር፣ በእውነት አእምሮውን ስቶ እንደ ነበር ይወቅ የሚል ነው። ዘመድ ሊዋሽ ይችላል ብሎ ሁሉ አስጠንቅቋል። አያችሁ? እውነቱ ይጣራ የሚለው የእናንተ ግትርነት ብቻ አይደለም፤ የአባቶችም ሥርዓት ነው። የንስሓ አባታችሁ ፍትሐቱን ካደረሱ ደግሞ በአሠሪ ወሬ አትረበሹ። የልጃችሁ ዕረፍት ቤይሩት ካለ የፖሊስ መዝገብ ላይ አልተንጠለጠለም። መዝገቡን የምትፈልጉት ለፍትሕ ነው፤ ነገ ለምትሄደው ለሌላዋ ልጅ ነው፤ ለእንቅልፋችሁም ነው። የእሷን ነፍስ የያዘው ሌላ ነው።

እናቷ፣ እኅቴ፣ ይህኛው ለአንቺ ነው። ሰማዕቱን ጊዮርጊስን ፈጭተው በደብረ ይድራስ ነፋስ ላይ በትነውት አልነበር? በየሚያዝያ 23 ስንሰማው የኖርነው ገድል ነው። ያዕቆብ ዘግሙድስ አካሉ አንድ በአንድ ተቆርጦ አይደል ስሙን ያገኘው? ከትቢያ የሚያስነሣ አምላክ የሐኪም ምላጭ አያግደውም። መቃብር መክፈትም በራሱ ነውር አይደለም። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዐፅም ከ57 ዓመት በኋላ ከቦታው ወጥቶ ፈልሷል፤ ግንቦት 12 ቀን የምናከብረው እሱን ነው። ጠበቃው ይጠቅማል ካለና ፍርድ ቤት ከፈቀደ ካህን ይዛችሁ፣ ጸሎት አድርሳችሁ ይከፈት። ዋናው ነገር በክብር መውጣቷና በክብር መመለሷ ነው።

የንጉሥ ሳኦልን ቁባት ሪጽፋን ታውቂያታለሽ? ልጆቿ ተሰቅለው ሜዳ ላይ ሲቀሩ ማቅ ዓለት ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ከመከር መጀመሪያ አንሥቶ ዝናብ እስኪወርድ ድረስ ቀን ወፉን፣ ሌሊት አውሬውን ስትከላከል ቆየች። አልተሳደበችም፤ ሰይፍም አላነሣችም። ከዚያ ግን አልነሣም አለች። ንጉሡ ዳዊት ሰማ፤ ዐፅም ተሰበሰበ፤ በወግ ተቀበረ (2ሳሙ. 21፥10-14)። የአንቺም ሥራ እንደሷ አለመነሣት ነው። ስልኩን አትቀይሩ፤ የኢሞ ድምፆቿን ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። የዐረብኛውን ወረቀት በሕጋዊ ተርጓሚ አስተርጉሙ። ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ሆነ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የምትሰጡትን ማመልከቻ መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉና ቁጥሩን ያዙ። «ነገ ተመለሱ» ሲሏችሁ ነገ ተመለሱ። ኤጀንሲውንም ችላ አትበሉት። በውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጁ የላከው ኤጀንሲ ከአሠሪው ጋር ተጠያቂ ነው፤ «ውጭ አገር ያለውን እኛ ምን እናውቃለን» ቢላችሁ አትቀበሉ።

ለወንድምህ ንገረው፤ ደላላውን መግደል የወንድሙ ልጅ እንዴት እንደሞተች አይነግረውም፤ ይልቅ ምስክር ያጠፋል፤ ሁለተኛ ለቅሶ ቤት ይከፍታል። «በቀል የእኔ ነው፥ እኔ ብድራቱን እመልሳለሁ» ያለ አምላክ አለ (ሮሜ 12፥19)። ደላላው ምን ብሎ እንዳግባባት፣ ስንት እንደተቀበለ ወንድምህ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃሉን ይስጥ። ንዴቱን ወደዚያ ያዙረው።

ሌላ አንድ ነገር። ሐዘንተኛ ቤት ዙሪያ የማይጠፉ ሰዎች አሉ። «ውሃ አይቼ ገዳይዋን እነግራችኋለሁ» የሚል ጠንቋይ ይመጣል። ቀሚስ ለብሶ፣ መስቀል ይዞ «ተገልጦልኛል» የሚል አጥማቂ ነኝ ባይም ይመጣል። ከሁለቱም ራቁ። እውነት የሚፈልግ ሰው ውሸታም ደጅ አይጠናም። ይህን የምላችሁ በቁጣ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት ሲያጋድሉ አይቻለሁና።

መልሱ ላይመጣ እንደሚችልም ከአሁኑ እወቁ። መዝገብ ይጠፋል፣ ምስክር አገር ይለቃል። ምናልባት የሚመጣው እውነት ከምትጠብቁት የከበደ ይሆናል። ያኔ «ደከምን» ብትሉ እግዚአብሔር ሰነፋችሁ አይላችሁም። አብራችሁ እስከቻላችሁት ሂዱ። አንደኛችሁ ስትደክሙ ሌላችሁ «አንተ አልወደድካትም፣ አንቺ ነሽ የላክሻት» አትባባሉ። ብዙ ቤት በዚህ ሲፈርስ አውቃለሁ። ስትተኙ አብራችሁ አንድ አባታችን ሆይ በሉ፤ ለጊዜው ይበቃል።

ተዝካሩን በተመለከተ፣ ከልጅቷ ነፍስ ጋር የሚገናኘው ጸሎቱ፣ ቅዳሴውና ለድኻ የሚሰጠው ነው። ሰንጋው አይደለም፤ ድንኳኑም አይደለም። ስሟን አስጠሩ፣ ንፍሮና ዳቦ ይዛችሁ ደጀ ሰላም ላሉት ነድያን አብሉ። የቀረውን ገንዘብ ለትርጉሙና ለጠበቃው አውሉት፤ እሱም ለእሷ የወጣ ነው። ዘመድ «ልጃቸውን ሳይዘክሩ ቀሩ» ብሎ ካጉረመረመ የንስሓ አባታችሁ ያስረዱት። እሳቸውንም ካልሰማ ይህን መልስ አንብቡለት።