በሳንባ ላይ የታዩ ብዙ ኖጁሎች፦ ቲቢ ወይስ ካንሰር?

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ሦስት ወር ያልለቀቃት ደረቅ ሳል አለባት፤ ከስታለችም። በሲቲ ስካን ሁለቱም ሳንባዎቿ ላይ ብዙ ኖጁሎች ታዩ፤ የአክታዋ የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ግን ቲቢ አላሳየም። አንዱ ሐኪም የቲቢ መድኃኒት ትጀምር ሲሉ ሌላው ካንሰር ጠረጠሩ። ማንን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱም ሐኪሞች ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። ኖጁል ከ3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ክብ እብጠት ነው እንጂ የበሽታ ስም አይደለም፤ ቲቢም፣ ከሌላ አካል የተዛመተ ካንሰርም፣ ፈንገስም ሊያመጣው ይችላል። እንደ ዳጉሳ ፍሬ ደቀው በሁለቱም ሳንባ እኩል የተዘሩ ከሆነ በደም የተሰራጨ ቲቢን እናስቀድማለን፤ መጠናቸው የተለያየ፣ ዳርቻቸው የጠራና ወደ ሳንባው ግርጌ የበዙ ከሆነ ግን ወደ ካንሰሩ እናዘነብላለን። ይህም ቢሆን ግምት ነው። የአክታው ውጤትም ነገሩን አይዘጋውም፤ በደም የተሰራጨ ቲቢ ብዙ ጊዜ አክታ ውስጥ አይገኝም።

እኔ ብሆን ከሳንባው በፊት የእናትዎን ሌላ ሰውነት አያለሁ፤ አንገት፣ ጡትና ብብት በእጅ ይዳሰስ፣ ሆድና ኩላሊት በአልትራሳውንድ ይታይ፣ የኤችአይቪ ምርመራም ይደረግ። ለዓመታት የኖረ እንቅርት በነጠላ እንደተሸፈነ ሳንባው ብቻ ሲመረመር ሰንብቶ፣ የበሽታው ምንጭ እዚያው አንገት ላይ ሆኖ ሲገኝ አይቻለሁ፤ የታይሮይድ (እንቅርት የሚወጣበት የአንገት ዕጢ) ካንሰር ወደ ሳንባ ይዛመታልና።

ፍርዱን የሚሰጠው ከእብጠቱ የሚወሰደው ናሙና ነው። አንገት ወይም ብብት ላይ ንፍፊት ካለ ከዚያ መውሰዱ ይቀልላል፤ ከሌለ በሲቲ ስካን እየታየ በመርፌ ወይም በብሮንኮስኮፒ (በአየር ቧንቧ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ይወሰዳል። እዚህ ላይ ትንሽ የምትመስል ነገር ብዙ ታበላሻለች፦ ናሙናው በሙሉ ፎርማሊን (ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያቆይ ኬሚካል) ውስጥ ከገባ የቲቢው ጀርም ስለሚሞት ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን አብቅሎ መለየት፣ አይቻልም። ስለዚህ ከፊሉ ለፓቶሎጂ (በማይክሮስኮፕ ለሚደረገው የሥጋ ምርመራ) በፎርማሊን፣ ከፊሉ ለቲቢ ምርመራ በንጹሕ ሳላይን (የጨው ውሃ) እንዲቀመጥ አስቀድመው ይጠይቁ። እብጠቶቹ ውሃ የቋጠሩ ከሆኑና እናትዎ ከውሻና ከበግ ጋር የኖሩ ከሆነ ግን ሃይዳቲድ የሚባለው የትል በሽታ ሊሆን ስለሚችል በመርፌ አይነኩም፤ ፈሳሹ ቢፈስ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል።

ትኩሳትና ትንፋሽ ማጠር ካለባቸው፣ ምስሉም የዳጉሳውን ከመሰለ፣ ናሙናው ተወስዶ ውጤቱ እስኪመጣ የቲቢውን መድኃኒት መጀመሩ ተገቢ ነው፤ መዘግየቱ ይገድላልና። ካልሆነ ናሙናው ይቅደም። ለቀጠሮው የሲቲ ስካኑን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ሲዲውንም፣ ከቤት ከተገኘም የድሮ ራጅ ይያዙ፤ ከሁለት ዓመት በፊትም በዚያው መጠን የነበረ ኖጁል አብዛኛውን ጊዜ የቆየ ጠባሳ ነው። አክታቸው ደም ከቀላቀለ ግን ቀጠሮውን አይጠብቁ።