መልስ፦ ለምርቃት ኬክ ብሩት ወይስ ኤክስትራ ድራይ?

ለ40 ሰው ምርቃት ከኬክ ጋር ብሩት ወይስ ኤክስትራ ድራይ አረፋማ ወይን (እንደ ሻምፓኝ ያለ) ላቅርብ ላልከው፣ ሁለቱንም ተው። ስሞቹ የወይኑን የስኳር መጠን ነው የሚናገሩት። ጠርሙሱ ላይ «ዴሚ ሴክ» የሚል ፈልግ፤ በሊትር ከ32 እስከ 50 ግራም ስኳር አለው። ብሩት ከ12 ግራም በታች ስለሆነ ጣፋጭ ከተበላ በኋላ አፍ ላይ ይኮመጥጣል። «ኤክስትራ ድራይ» ደግሞ ስሙ ያሳስታል እንጂ ከብሩት ይልቅ ይጣፍጣል (ከ12 እስከ 17 ግራም)፤ ለኬክ ግን አሁንም አይበቃም።

ብሩት የሚያምረው ኬኩ ሳይቆረጥ፣ እንግዳ ሲገባ፣ ጨው ካለው ቆሎ ወይም አይብ ጋር ነው። ለዚህ የግድ ሻምፓኝ አያስፈልግም፤ ፕሮሴኮ (የጣሊያን አረፋማ ወይን) ጥሩ ነው።

ባለ 750 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ 6 ብርጭቆ ይሞላል። ለአንድ ዙር 7 ይበቃሃል፤ 8 ያዝ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ሞቅ ያለ ጠርሙስ ሲከፈት ብዙው አረፋ ሆኖ ይፈስሳል። በረዶና ውሃ ቀላቅለህ ጠርሙሱን እስከ አንገቱ ለ30 ደቂቃ ንከረው፤ በረዶ ብቻውን ቀስ ብሎ ነው የሚያቀዘቅዘው። ፍሪዘር ውስጥ ከረሳኸው ሊፈነዳ ይችላል። ስትከፍት ቡሹን አጥብቀህ ይዘህ ጠርሙሱን አዙር፣ ቡሹን አይደለም። አፉንም ወደ ሰው አታድርገው።